የቫይሞአና ጋሪ በብርሃን በር

ሞቱላሂ፣ ሃአፓይ
ኦክቶበር 3

ለተከበሩ እህቴ ለሄፒሲፓ፣

ደብዳቤዎ ትናንት በመርከብ ደረሰኝ። የላኩልኝ ባትሪዎችም ከነማሸጊያቸው ደርሰዋል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እርስዎ ዋና ከተማ ተቀምጠው ለእኔ ክፍል ባትሪ ማሰብዎ ሳያንስ እኔ ደግሞ በላዩ ሌላ ጣጣ ልጭንብዎ ነው፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልደወልኩት የትምህርት ቤቱ ስልክ ያለው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስለሆነ ነው። እሳቸው ሰው ስልክ ሲያወራ ወረቀት የሚያገላብጡ እየመሰሉ ሁሉን ይሰማሉ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሁለቱም የእኔ ተማሪዎች ናቸው። አዎ፣ በአንድ ጋሪ ነው የሠሩት። «ልጅቷ ታማኝ ናት ወይ?» ላሉኝ ግን አዎ ብዬ ብቻ ማለፍ አቃተኝ፤ ደሜ ፈልቷልና ትንሽ ልዘርዝር።

ቫይሞአና የምንጣፍ ሠሪዋ የላቪኒያ ልጅ ናት። እዚህ ደሴት ላይ ፊዚክስን እስከ መጨረሻው ክፍል የዘለቀች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ማዕበሉ ወደባችንን ከሰበረው ወዲህ መርከቧ መጠጋት አቅቷት ሰውም አሳማም በጀልባ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ልጅቷ ባሕር ማዶ ሱቫ ሄዳ ምህንድስና ተምራ ያንን ወደብ ልትጠግን ነው ሐሳቧ። ሰው ሲስቅባት አብራ ትስቅና ወደ ጥናቷ ትመለሳለች። ኬሌኮሊዮ ደግሞ የላቪኒያ እህት ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ሥራ የለመደ ልጅ።

የብርሃን በር የምንለውን ዕቃ እርስዎ በወረቀት እንጂ በዓይን አላዩት ይሆናል። ሁለት እግር ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ቅስት ነው። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ዓይን የማያየው ብርሃን ይሄዳል። ጋሪዋ ላይ የቆመው ካርቶን ሲያልፍ ብርሃኑ ይቋረጣል፤ መቁጠሪያው ለምን ያህል ጊዜ እንደተቋረጠ ይይዛል። የካርቶኑን ስፋት በዚያ ጊዜ ሲያካፍሉት የጋሪዋ ፍጥነት ይወጣል። እኛ ጋሪዋን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ለቀን በሁለት በሮች እናሳልፋታለን፤ ከዚያ መሬት ዕቃን ምን ያህል እንደምትስብ እናሰላለን።

የፈተና መሥሪያ ቤትዎ ያለው እንዲህ ነው። የሁለቱ ሪፖርት ላይ ያሉት ጊዜያት እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ናቸው። ጥንድ ሆነው ስለሠሩ ይህ ይፈቀዳል። ነገር ግን እሱ የካርቶኑ ስፋት ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው ብሏል፤ እሷ አሥር። አንድ ካርቶን ሁለት ስፋት የለውም። እንግዲያው አንዳቸው በቦታው ሳይኖሩ ገልብጠዋል ማለት ነው፤ የልጁ መልስ ልክ ስለሆነ ደግሞ ገልባጯ እሷ ናት ተባለ። እስኪጣራ የሁለቱም የመፈተኛ ካርድ ተይዟል። ገልብጣለች ከተባለ ኖቬምበር ላይ ለፈተና አትቀመጥም፤ ሱቫም ቀረ።

እህቴ፣ በአሥር አስልታ ምን እንዳገኘች አይተዋል? በእሷ ሒሳብ መሬት ዕቃ የምትስበው ከልኳ አንድ ጊዜ ተኩል አብዝታ ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሞቱላሂ ላይ ኮኮናት ሲወድቅ መሸሽ ቀርቶ ቀና ለማለት ጊዜ አይገኝም ነበር። ትክክለኛው መልስ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ሌባ ብትሆን ቁጥሯን አታስተካክልም? እሷ ግን ከሥሩ «ለምን እንደበዛ አላወቅሁም» ብላ ጽፋ ላከችው።

የካርቶኑ ነገር ለእኔም አልገባኝም። ልጁን ስጠይቀው መሬት መሬቱን ያያል። ወንድም እህቱን እንዲህ አድርጊ እንደማይል አውቃለሁ። እኔም እርስዎን እንዲህ ያድርጉ አልልም። የሆነውን ብቻ ነው የነገርኩዎት።

ታናሽ ወንድምዎ
ፊሊሞኔ


ኑኩአሎፋ
ኦክቶበር 8

ፊሊሞኔ፣

ስለ ጉልበቴ አንድ መስመር ሳትጠይቀኝ ስለ ጋሪ ሁለት ገጽ ጻፍክልኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ባትሪዎቹን ለመቁጠሪያው ነው የላክሁልህ፤ የራግቢ ጨዋታ እንዳትሰማባቸው።

አሁን ወደ ነገሩ። ሰኞ ዕለት ዶክተር ፕራካሽ ከሱቫ ሆኖ ልጆቹን በስክሪን ሊያነጋግር ተቀመጠ። ገምጋሚው እሱ ነው፤ የመጨረሻው ቃልም የእሱ ነው። እኔም ከዚህ በኩል ነበርኩ። ያየሁት ምንድን ነው? መጀመሪያ ልጅቷ ተቀምጣለች። በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ብቅ አለ። ልጅቷ ተነስታ ወጣች። ከዚያ አንተ ላብህን ስትጠርግ፣ ከዚያ ባዶ ወንበር። ዶክተሩ «አብረው ለመጠየቅ ፈቃደኛ አልሆኑም» ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎም «ወይዘሮ ሄፒሲፓ፣ ንጹሕ ሰው ከጥያቄ ይሸሻል?» አለኝ። ምን ልበለው? «አፋሮች ናቸው» አልኩት።

ሰበቡን የማላውቅ እንዳይመስልህ። የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ በእኛ ወግ ያው ወንድምና እህት። ወንድምና እህት ደግሞ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረው አይገቡም፣ ጎን ለጎን ሆነው አያወሩም፣ አይቀላለዱም። እኔና አንተም በዚሁ ነው ያደግነው። ግን ይህ ጨዋታ አይደለም ልጄ! እዚህ ከተማ ወንድምና እህት አንድ ሶፋ ላይ ተደጋግፈው ፊልም ያያሉ፤ ጣሪያው አልወደቀባቸውም። አንዲት ልጅ እድሏ በእጇ ላይ ሲሰበር ወግ ያዘኝ ማለት ምን ይሉታል?

ሦስት ነገር ንገረኝ። ሲጀመር ለምን አጣመርካቸው? ጋሪዋን የለቀቃት ማን ነው? ካርቶኑን የቆረጠውስ ማን ነው? ቶሎ መልስ። ዶክተሩ ትዕግሥት ያለው ሰው አይደለም፤ የእኔም እያለቀ ነው።

እህትህ
ሄፒሲፓ


ሞቱላሂ
ኦክቶበር 12

ለተከበሩ እህቴ፣

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ባለመጠየቄ አፍሬአለሁ።

ለምን አጣመርካቸው ላሉኝ፣ ሌላ ማንን ላምጣላት? ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ በዝምድና ሲቆጠር ወንድሞቿ ናቸው። በዚህ ደሴት ለቫይሞአና ወንድም ያልሆነ ወንድ ብፈልግ የማገኘው ፓስተሩንና ራሴን ነው፤ ሁለታችንም ከሌላ ደሴት ስለመጣን።

ሥራቸውን እንዲህ አካፈሉት። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ ራሳቸው ነው ያበጁት። ላቦራቶሪ የምንለው ድሮ የመጥረጊያና የቀለም መጋዘን የነበረውን ክፍል ነው። ጠዋት ኬሌኮሊዮ ይገባል፤ ጣውላውን ያስተካክላል፣ በሮቹን ያቆማል፣ ርቀቱንም ስፋቱንም ይለካል፣ መስኮቱን ዘግቶ ይወጣል። ከዕረፍት በኋላ እሷ ትገባለች፤ ጋሪዋን ትለቃለች፣ ጊዜውን ታነባለች፣ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ትወጣለች። ከዚያ እሱ ገብቶ ከሰሌዳው ይገለብጣል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሠሩ። እንዲህ የሚግባባ ጥንድ አስተምሬ አላውቅም።

ስለ ካርቶኑ ልጁን እንደገና ያዝኩት። በዚህ ጊዜ ውጭ፣ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ነው የጠየቅሁት።

«ካርቶኑ ስንት ነው?» አልኩት።

«ስምንት።»

«እሷ ለምን አሥር አለች?»

«የድሮው አሥር ነበር። ጣሪያው አፍስሶበት ተልፈሰፈሰ። ከብስኩት ካርቶን ሌላ ቆረጥኩ፤ የተረፈኝ ያን ያህል ነበር።»

«ለምን አልነገርካትም?»

የሞኝ ጥያቄ መሆኑን እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ወደ እሷ ሄጄ ደግሞ «ለምን አልለካሽም? ማስመሪያው እኮ አጠገብሽ ነበር» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ እሱ አሥር ብሎ የለካውን እንዴት ደግሜ እለካለሁ? አላመንኩህም ማለት አይሆንም?» አለችኝ። ወንድሟን አክብራ ነው የተሳሳተችው። ይህን ለዶክተር ፕራካሽ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምጽፍለት አላውቅም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር መጣ። ልጁ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ «እኔ ነኝ የገለበጥኩት ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ።

«ገለበጥክ እንዴ?»

«አልገለበጥኩም። ግን እሷ ትፈተን።»

«አንተስ?»

«እኔ ጀልባ መሥራት እችላለሁ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከለቅሶ አይሻልም ነበር። የጻፈውን ወረቀት ትቶልኝ ሄደ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። ልልከው ነው ወይስ ልቅደደው? እውነት አይደለም። ግን ያድናታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተመልሶ የመጣውን የቫይሞአናን ሪፖርት ደጋግሜ አየሁት። «አሥር» የሚለው በቀይ ተሰምሯል፤ ከመስመሩ በታች ሁለት ነጥብ አለ። ልጅ ሆኜ የሒሳብ ደብተሬን ደጃፍ ላይ ትቼልዎ ወንዶች ለብቻችን ወደምናድርበት ጎጆ ስሄድ፣ ጠዋት ታርሞ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘው ነበር። የተሳሳትኩት ላይ ሁሉ መስመር፣ ከመስመሩ በታችም ሁለት ነጥብ። ያንን ቀይ እስክሪብቶ በሕይወቴ ሙሉ ሳመሰግን ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሳየው ሪፖርቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ወንድም ነኝና ከዚህ በላይ አልናገርም።

ፊሊሞኔ


ኑኩአሎፋ
ኦክቶበር 16

ፊሊሞኔ፣

ከዚህ በላይ አልናገርም ብለህ ሁሉንም ተናገርክ። አንቱ እያልክ እንዲህ መግረፍ ከየት ተማርክ?

አዎ፣ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሪፖርት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ስምንት አንዱ አሥር ሲል አይቼ ባልፍ ኖሮ፣ ነገ «የወንድሟ ትምህርት ቤት ስለሆነ አለፈችው» ይባል ነበር። አንተም ትሰደብ ነበር፣ እኔም። ላሰምር ስል የማን ተማሪዎች እንደሆኑ አውቄ ነው ያሰመርኩት፤ እንዲያውም ለዚያ ነው አጥብቄ ያሰመርኩት። ስለዚህ ተቀየመኝ። ብቻ የልጁን ወረቀት እንዳትልክ። ቅደደው። ውሸት ከገባበት በኋላ የልጅቷን እውነት ማን ያምነኛል? ሁለቱም ነው የሚጠፉት።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ዶክተር ፕራካሽ ሰሞኑን ከሱቫ እዚህ ገብቷል፤ ወደ እናንተም ራሱ ሊመጣ ነው። በሚቀጥለው መርከብ እናንተ ጋ ይደርሳል፤ ያው በጀልባ ትቀበሉታላችሁ፤ እባክህ እንዳትጥሉት። የሚለው ይህን ነው፦ ሙከራው እንደገና ይሠራ፤ ልጅቷ ትሥራ፤ ጥንዷም ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እፊቱ ይሁን። «ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ካላየሁ ውሳኔዬ እንዳለ ይጸናል» ብሏል። አንተም አፍህን ከፍተህ ብትረዳት ሙከራው ይሰረዛል።

«ወጉን ለምን አልነገሩትም?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልነግረው እዚህ ወደ ተሰጠው ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሰው ነበረበት። ሁለተኛው ቀን ብቻውን ነበር፤ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። እዚህ ሰው ፊት ዘመናዊ ሆኜ ኖሬ ኖሬ፣ «እኔም ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጬ አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። ስለ አየሩ ጠይቄው ተመለስኩ። አሁን ሳስበው ያ ነው የሚያሳፍረው።

ለልጅቷ ንገራት። በሩን ከፍታችሁ፣ እንደ ምንም ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አብረው ይቁሙ። እግዚአብሔርም ይቅር ይላል።

ሄፒሲፓ


ሞቱላሂ
ኦክቶበር 20

ለተከበሩ እህቴ፣

ይህን የምጽፈው በችኮላ ነው፤ የጀልባው ልጅ ደጅ ቆሞ ያፏጫል። ስለ ባለፈው ደብዳቤዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ ሲጽፍ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የልጁን ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

እንዳሉኝ ለቫይሞአና ነገርኳት። እናቷም ነበረች። ልጅቷ የሽመናውን ቅጠል እየሰነጠቀች ሰምታኝ ስታበቃ «ፈተናው ይቅር» አለች። እንዲያው እንደ ቀላል ነገር! እናቷ ላቪኒያ ከአፏ ነጥቃ «ምን ይቀራል? ስምሽስ? ሌባ ተብለሽ ነው የምትቀሪው?» ብላ ጮኸችባት።

«እማዬ፣ እሱ እኔን ለማዳን ተዋርዶ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ቢቆም፣ ነገ ወንዶች ካቫ በሚጠጡበት ምንጣፍ ሁሉ ላይ የሚሳቀው በእሱ ነው። ወደብ ሠርቼ ምን አደርገዋለሁ?»

ላቪኒያ ቅጠሉን ከእጇ ወስዳ ራሷ መሰንጠቅ ጀመረች። ልጅቷ ልክ ናት። እንዲህ ስል እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። መስኮቱን ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ። እሷ ከውስጥ፣ ልጁ ከውጭ ግቢው ላይ ይቆማል፤ ዶክተሩ መካከል ሆኖ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያያል። ያለውን አሟላሁ ማለት ነው። ይቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም። ከሚያውቁት መዝሙር አንዱን ይበሉልኝ።

ፊሊሞኔ


ሞቱላሂ
ኦክቶበር 25

ለተከበሩ እህቴ፣

ዶክተሩ ሳይሰጥም ደርሷል፤ ጫማው ግን ረጥቧል። «እንዴት ሆነ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁና ከመጀመሪያው ልጀምር።

መስኮቱን ሲያይ ፊቱን ቋጠረ። «ልጁ ለምን አይገባም?» አለኝ። «ክፍሉ ይጠባል» አልኩት። እኔም እንደ እርስዎ አፈርኩ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «እሺ፣ ከዓይኔ እንዳይጠፋ ብቻ» ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እንደ ወጉ የክብር ምንጣፍ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀን ሆኖ ግቢው ዳር ቆመ። እሷም ታጥቃ መጥታለች።

ጋሪዋን ለቀቀች። ጋሪዋ ሁለቱን በሮች አልፋ መጨረሻው ላይ ገጭ አለች። መቁጠሪያው ላይ የመጀመሪያው በር ቁጥር ወጣ፤ የሁለተኛው ባዶ። መልሳ ለቀቀች። ባዶ። ሽቦውን ነካች፣ ባትሪውን አየች፤ የእርስዎ አዲስ ባትሪ ነው። ሦስተኛም ባዶ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

እኔ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። መስኮቱን ሁልጊዜ ዘግተን ነው የምንሠራው፤ ወለል አድርጌ የከፈትኩት እኔው ነኝ። የረፋዱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በቀጥታ የሁለተኛው በር ብርሃን ተቀባይ ዓይን ላይ አርፋለች። ያ ዓይን ፀሐይ ካየ ታወረ፤ ካርቶን ቢያልፍበትም አያውቅ። ዘዴ አበጀሁ ብዬ ልጅቷን በገዛ እጄ ገደልኳት! አፌን ብከፍት ሙከራው ይሰረዛል። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። እሷ መስኮቱን የዘጋች እንደሆነ ልጁ ከዶክተሩ ዓይን ይጠፋል። ይህ የገባት ይመስለኛል፤ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ መለሰችው፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

ያን ጊዜ ኬሌኮሊዮ ከቆመበት ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ መጣ። ወደ ውስጥ አላየም፣ አልተናገረም። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዞረና ጀርባውን ሰጠን። ጀርባውን እንደ ሰጠ ፀሐይዋን ከልሎ ቆመ። ጥላው ጣውላው ላይ ወደቀ። ትንሽ ወደ ግራ ሄድ አለ፤ ጥላው በሩ ላይ ሆነ። የበሩ ትንሽ መብራት ብልጭ አለች።

ቫይሞአና ጋሪዋን መልሳ ወደ ላይ አመጣቻት። ሊለቅ የነበረ እጇ ግን ቆመ። የልጁን ጀርባ አየች። ከዚያ ማስመሪያውን አነሳችና፣ እህቴ፣ ካርቶኑን ለካችው። እሱ የቆረጠውን፣ እሱ የለካውን። ቢያያት ኖሮ አትለካውም ነበር። «ስምንት» ብላ ጻፈች፤ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።

ጋሪዋን ለቀቀች። ቁጥር ወጣ። ደጋግማ ለቀቀች። ፀሐይዋ ስትሄድ ልጁም እየተከተለ ይንቀሳቀሳል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተለጥፏል። ማንም «ወደዚህ በል» አላለውም።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ «ለምን አይዞርም?» አለኝ።

ሙከራው ይሰረዝ እንደሆነ ሳላስብ አፌን ከፈትኩ። «እህቱ ስለሆነች» አልኩት።

«የአክስቱ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«በእኛ ዘንድ ያው ነው።»

እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ የድሮውን ሪፖርት ከቦርሳው አወጣና በዚያው ጊዜያት፣ ግን በስምንት እንድታሰላ ሰጣት። አሰላችው። የወጣው ከልጁ መልስ ጋር አንድ ነበር፤ ከዛሬው ጋርም የተለያየው በጥቂቱ ነው። አየው፣ ለልጅቷ መለሰላት፣ ውሃ ጠየቀኝ። ውሳኔውን ግን አልነገረንም። «ከቢሮ ትሰማላችሁ» ብሎ በጀልባ ሄደ። ልጁ ግን ዶክተሩ ከግቢ እስኪወጣ ድረስ አልዞረም ነበር። ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሎ ላቪኒያ የኮኮናት ዘይት ስትቀባው አመሸች።

ፈተናው ሊደርስ ነው። ልጅቷ ሳትጠይቀኝ በየቀኑ ፊቴን ታነበዋለች። እህቴ፣ የሰሙት ነገር ካለ ክፉም ቢሆን አይደብቁኝ።

ፊሊሞኔ


ኑኩአሎፋ
ኦክቶበር 30

ፊሊሞኔ ወንድሜ፣

ዶክተር ፕራካሽ ቢሮዬ መጥቶ ተቀመጠና ወንድምና እህት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ ስለ አየሩ አላወራሁም። ከሕፃንነታችን ጀምሬ ነገርኩት፤ ስለ ወንዶቹ ጎጆ፣ ደረጃው ላይ ስለምትተውልኝ ደብተር። አንተ በተኛህበት ክፍል አንድ ቀን እንኳ ገብቼ እንደማላውቅ፣ እንዲህም ሆኖ ፊደል አጣጣልህን ከማንም በላይ እንደማውቀው። ሰምቶ ሲያበቃ «ቅጻችን ላይ ይህ የሚሞላበት ቦታ የለም» አለኝ። ከዚያ ከቅጹ ግርጌ በእጁ ጻፈ፦ «መኮረጅ የለም። አብረው ሠርተዋል።» ፈረመበት።

ለካርቶኑ ስፋት ነጥብ ተቀንሶባታል። የተሳሳተ ስፋት የተሳሳተ ነው፤ የቀነስኩትም እኔ ነኝ፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ። ፈተናውን ከሠራችው ግን የቀረው ነጥብ አሁንም ሱቫ ያስገባታል። ንገራትና ታጥና። ወንድሟ የለካውንም ቢሆን ትለካ፤ እኔ ፈቅጄላታለሁ በላት፤ በዕድሜ እናቷ እሆናለሁ።

የመፈተኛ ካርዶቻቸውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ፖስታ አድርጌ አሽጌው ነበር፤ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ትዝ አለኝ። ከሰልፉ ወጣሁ፣ ቀደድኩት፣ ሌላ ፖስታ ገዝቼ ለየብቻ አደረግኋቸው። የእሷን እሷ እጅ ስጥልኝ። የእሱን እሱ እጅ።

እህትህ
ሄፒሲፓ